ሰው የማይሞትባቸው ሦስት መጻሕፍት

ንፋስ መውጫ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበትሽ ካሣነሽ እቴ?

ሰላምታዬ የጉናን ብርድ ተሻግሮ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ይግባልሽ። እኔም ሻይ ቤቴም ደኅና ነን። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤ ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ አልወጣም ብሎ እስከ ጥቅምት ስለቆየ ብዙ አስወርቶታል።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። የልጅሽ የጽዮን ሠርግ ለጥር 18 መቆረጡን ስሰማ ደስ አለኝ። ያቺ በስፌት መቀስሽ የመጽሐፌን ሽፋን ለአሻንጉሊት ቀሚስ የቆረጠች ልጅ ልትዳር ነው። ሽፋኑን ይቅር ብዬሻለሁ ብላለች በያት። እመጣለሁ፤ ሦስት ቀን ቀድሜ መጥቼ ሽንኩርትም ቢሆን እልጣለሁ።

ወንድምሽን አያ አለበልን ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ አግኝቻቸዋለሁ። ደኅና ናቸው። በቅሏቸውን ደጄ ላይ አስረው ገቡና ከሻይ ቤቴ መደርደሪያ የተዋሱትን «የዋርካው ጎረቤቶች»ን መለሱልኝ፤ ስድስት ሳምንት ይዘውት። ምነው ይህን ያህል ቆየ ብላቸው፣ «አንቺ ሴት፣ ማንበብማ በአንድ ቀን ያልቃል፤ የቆየሁት ስተረጉመው ነው» አሉኝ። ያው የቤተ ልሔም ድጓ ቤት ተማሪ የነበሩ ሰው አይደሉም? ድጓውን ትተው ሞፈር ከያዙ አርባ ዓመት ቢሆናቸውም ልብወለዱን «አንድም» እያሉ ነው የሚያነቡት። ጎረቤቲቱ በሯን ሳትዘጋ የሄደችው አንድም ችኩል ስለሆነች ነው፤ አንድም እንዲከተላት ፈልጋ ነው፤ አንድም ደራሲው ረስቶታል። ሦስተኛው ላይ ሻይ ጠጪው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ለሠርጉ ይመጣሉ ወይ ላልሽው፣ «እኔ ሳልመርቃት ማን አባቱ ይድራታል?» ብለዋል። አባትሽ ካረፉ ወዲህ አንቺን ያሳደጉ እሳቸው ናቸውና ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «የበቅሎ ነጋዴዋ»ን በአስቻለው ሚኒባስ ልኬልሻለሁ፤ ደብረ ታቦር ላይ ለእስቴው መኪና ያስረክብልኛል። እንደ ወጋችን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሦስት ሰው ይሞትበታል፣ አንድ በቅሎም። የበቅሎዋ ከሦስቱ ይብሳል። መሃረብ ይዘሽ ተቀመጪ። የሙሽራ ልብስ እየሰፋሽ እንዳታነቢው፣ ነጭ ጨርቅ እንባ አይወድም።

አውቃለሁ፣ «ላቀች ሰው ካልተቀበረበት መጽሐፍ አይጥማትም» ትያለሽ። እውነት ነው። ሰው የማይሞትበት ልብወለድ ጨው የሌለው ሽሮ ነው የሚሆንብኝ። የተዋወቅነውስ በምን ሆነና? የዛሬ ስምንት ዓመት ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ እኔ እናቴን ሳስታምም፣ አንቺ ከጎናችን አልጋ ለተኙት ለአያ አለበል መጽሐፍ ስታነቢላቸው። በጆሮዬ ስሰርቅ ከርሜ፣ ልክ የመጽሐፉ ልጅ ታማ አልጋ ስትይዝ እናቴ ድና ወጣች። እናቷ ስትድን የከፋት ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። «ሞተች ወይስ ተረፈች?» ብዬ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። አንቺም በአንድ ቃል «ሞተች» ብለሽ መለስሽልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጄ ነሽ።

በቅሎዋ ጋ ስትደርሺ ጻፊልኝ። ስልክም ደውዪ፤ ኔትወርኩ ቀን ካደላው ይሠራል።

የአንቺው
ላቀች

—

ንፋስ መውጫ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሣነሽ፣ እንደምን አለሽ?

ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዛብኝ። «የበቅሎ ነጋዴዋ»ን በአራት ቀን መጨረስሽ ደግ ነው። በቅሎዋን በተመለከተ የጻፍሽው ትክክል ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት።

አያ አለበል ለምን ዝም አሉ ላልሽው፣ አሁን አገሩ ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ገበያም ካየኋቸው ቆየሁ። ስለ ሠርጉ ግን አታስቢ፤ ሁሉም እንደታሰበው ይሆናል። የዳንቴሉ ነገር እንዴት ሆነ? ጽዮን ጥፍሯን ሂና ትቀባ ወይስ ቀለም ላልሽው ሂናው ይሻላል ባይ ነኝ። ቀለም ይላጣል።

መጽሐፍ ላኪልኝ ስላልሽ «ባለ ሦስት ቁልፍ ሳጥን»ን ልኬልሻለሁ። ቀላል ነው። ሦስት እህትማማቾች አንድ ሳጥን ወርሰው፣ ሦስቱም አንድ አንድ ቁልፍ ይዘው ሲነታረኩ ነው። መጨረሻው ደስ ይላል። መሃረብ አያስፈልገውም።

ራስሽን ጠብቂ። ብዙ ሰው ባለበት ዋዪ።

ላቀች

—

ንፋስ መውጫ
የዚያኑ ዕለት

ካሣነሽ፣

ይህን አልልክልሽም። ከስኳር ጆንያው ሥር የሚቀር ነው። ግን ያንን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እጄ ሥራ አልይዝ ስላለኝ እውነቱን በሌላ ወረቀት ላስፍረው።

አያ አለበል ኅዳር 17 ቀን አርፈዋል። የታመሙት ሦስት ቀን ነው። የተቀበሩት እዚያው ደብራቸው ነው፤ ካህናቱ የድሮ የትምህርት ጓደኞቻቸው ስለሆኑ ፍትሐቱን ምንም ሳያጓድሉ ነው ያደረሱላቸው። እኔም ሄጄ ነበር። ባልሽ ወርቁም ነበር። የሠርግ በሬ ልግዛ ብሎሽ የመጣው ለቀብሩ ነው።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጠው መከሩ። ቀኑ ተቆርጧል፣ የወንዱም ወገን ደግሷል፤ አሁን መርዶ ቢነገር ልጅቱ ሳትዳር ዓመት ልትከርም ነው። ስለዚህ ሠርጉና መልሱ ይለፍ፣ በየካቲት መጀመሪያ ጎህ ሲቀድ ሄደን እናርዳት ብለው ተስማሙ። ወርቁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔን የሚያስፈራኝ የዚህች ደብዳቤ ነው» አለ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ምያለሁ።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር ሳያስምሉኝም አውቃለሁ። ሰው ብቻውን ቆሞ አይሰማውም፤ የሚይዘው፣ የሚያስቀምጠው፣ አብሮት የሚጮህ ሰው ያስፈልገዋል። እሱን አልቃወምም። የከበደኝ ሌላ ነው። በዚያ ሳምንት አያ አለበል «የድልድዩ ዘበኛ»ን ወስደው ነበር። ቤታቸው ስገባ መደቡ ላይ አየሁት፤ መሃሉ ላይ የገብስ አገዳ ምልክት አድርገውበታል። ቅዳሜ መጥተው የሚነግሩኝ አንድ «አንድም» ነበራቸው ማለት ነው። መጽሐፉን ላነሣው እጄን ዘርግቼ ተውኩት።

አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ላኪልኝ አልሽ። መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ አንድ በአንድ ሳወጣ፣ በዚህኛው አባት ይሞታል፣ በዚያኛው ወንድም፣ በዚህ ደግሞ ማን እንደሚሞት እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ከነዚህ አንዱን ሰጥቼሽ፣ የራስሽን ሐዘን ሳታውቂ ለባዕድ ሰው ስታለቅሺ እንድትውዪ አልፈልግም። ከመጽሐፎቼ ሁሉ ደካማውን የላክሁልሽ ለዚህ ነው።

—

ንፋስ መውጫ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሣነሽ እቴ፣

ለገና በዓል በሰላም ያድርስሽ። ሳጥኑን «ውሃ ነው» ማለትሽ ስሕተት አይደለም። ዋናው ቁልፍ የሦስተኛይቱ እህት እንደነበረ እኔም ገና ገጽ ሃያ ላይ አውቄዋለሁ። ምነው ይህን ላክሽልኝ ብለሽ መቆጣትሽም ልክ ነው። ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይበላም ብዬ ነው። ልብሽ በድግስ ተጠምዶ ሳለ ከባድ ነገር መጫን አይገባም።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልሽው፣ ስልኬ ሰው ሲደውል አይጮህም። መደወል ግን ይችላል። ማለቴ አንዳንዴ ይችላል። ላሠራው ነበር፤ ረሳሁት።

አሁን ለካሣው ሁለት ልኬልሻለሁ። አንዱ «የጫማ ሰፊው ሙግት» ነው፤ ሰውየው ጎረቤቴ ዶሮዬን ሰርቆኛል ብሎ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ነው። ዳኛው ራሱ ዶሮ ከዶሮ መለየት ስለማይሆንለት የሚያስቁ ቦታዎች አሉት። ሁለተኛው «እትዬ ዘነቡ ያከራዩት ክፍል» ነው። ሴትዮዋ ያላቸውን አንድ ትርፍ ክፍል ለአምስት ሰው በየተራ ያከራያሉ። ተከራዮቹ ሳይተያዩ ይዋደዳሉ። መጨረሻው ጋብቻ ነው። ለሙሽራ ቤት የሚሆን ነው።

የኮቱን ነገር ጽፈሽልኛል። አያ አለበል ለሠርጉ የሚለብሱትን ራስሽ መስፋትሽ የሚያምር ሐሳብ ነው። ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ትከሻቸውን በሜትር ለኪልኝ ያልሽኝን ግን አላደረግሁትም። አልተገናኘንም። የድሮው ልክ በደብተርሽ ካለ በእሱ ቁረጪው። ወይም ደግሞ ይቆይ። የሙሽራው ይቅደም፤ ሌላው ይደርሳል።

ወርቁን ሰላም በይልኝ። ጽዮንን ሳሚልኝ።

ላቀች

—

መካነ ኢየሱስ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀች፣ እንደምን ከረምሽ?

እኛ ደኅና ነን። ሁለቱንም አንብቤ ጨርሻለሁ። ከሳጥኑ ጋር ሦስት ሆኑ። በሦስቱም ውስጥ አንድ ሰው አልሞተም። ዶሮ እንኳ አልሞተም፤ ጫማ ሰፊው ዶሮውን ከነጫጩቶቿ መልሶ አገኛት።

አንቺ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሳይቀበርበት ያለቀ መጽሐፍ ልከሽልኝ አታውቂም። መጀመሪያ፣ ላቀች ብትታመም ነው፣ ሞት ብትፈራ ነው አልኩ። ልደውልልሽ ተነሣሁና ስልክ ማንሳት ከተውሽ ሁለት ወር ሊሞላሽ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ጭራሽ «አይጮህም ግን ይደውላል» የሚል ምክንያት ሰጥተሽኛል። ቀጥሎ የትከሻው ልክ መጣብኝ። አንቺ እኮ ሰው ለኪ ብትባይ መንገደኛውን ጠርተሽ የምትለኪ ሴት ነሽ። ከዚያ የወርቁ በሬ። በኅዳር በሬ ልግዛ ብሎ ጋይንት፣ እናንተ አገር ድረስ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። «ተወደደብኝ» አለኝ። ስንት ሆነ ብለው አያውቀውም። የበሬ ገበያ የዋለ ወንድ ዋጋ ሳያውቅ ይመለሳል?

የገባኝ ከስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥሁ ነው። ጽዮን ከጎኔ ሆና ቁልፍ እየተከለች ነበር። «እማዬ፣ ምነው ቆምሽ?» አለችኝ። «ክር አለቀብኝ» አልኳት። ተነሥታ ክር አመጣችልኝ። ሰፋሁ።

ማን እንደሆነ አትጻፊልኝ። ማረጋገጫ አልፈልግም። ወንድሜ ጋሼ ሲታመም ሰው ልኮ ይነግረኛል፣ ሲቆጣ ራሱ ይመጣል። ዝም የሚልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው ያለው።

የወሰንሁትን ልንገርሽ። ሠርጉ ይሆናል። ሽማግሌዎች የመከሩትን እኔ አላፈርስም፤ ጋሼም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚመክረው፣ ምናልባት «አንድም» ብሎ ሁለት ምክንያት ይጨምርበታል እንጂ። ነጭ እለብሳለሁ፣ እልል እላለሁ፣ ያስነሡኝ እንደሆነም እስክስታ እወርዳለሁ። ወርቁ ማወቄን አይወቅ። ምስኪን፣ መደበቅ አይሆንለትም። የጋሼን ስም ባነሣሁ ቁጥር ውሃ ልቅዳ ብሎ ይወጣል። ቧንቧው ያለው እቤት ውስጥ ነው።

ኮቱን ጨርሼዋለሁ። በድሮው ልክ ነው የቆረጥሁት። ከዚያ እጅጌውን አሳጥሬ፣ ትከሻውን ሰብስቤ ለወርቁ አደረግሁት። ሲለካው፣ «የማን ነው?» አለኝ። «ያንተ ነው» አልሁት። ቁልፉን ሳይቆልፍ ብዙ ቆመ።

አንቺ ሠርጉ ላይ ነይ። ካልመጣሽ ሰው ይጠረጥራል። ስታዪኝ ግን አታልቅሺብኝ።

ካሣነሽ

—

ንፋስ መውጫ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሣነሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እመጣለሁ። አላለቅስም።

ተቀይመሽኛል ወይ?

ላቀች

—

መካነ ኢየሱስ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላቀች፣

ሠርጉ ላይ አንዲት ቃል ሳንነጋገር ስለተለያየን የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስ። አዎ፣ ተቀይሜሽ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ። ሁሉ ያለቀሰለትን ሰው እኔ ሳላውቅ፣ ስለ ዳንቴልና ስለ ሂና ስጽፍልሽ፣ ቁጭ ብለሽ «ቀለም ይላጣል» ብለሽ ለመመለስ እንዴት አስቻለሽ እያልኩ ነው የሰፋሁት። የጽዮንን ቀሚስ ጠርዝ ሁለቴ ፈትቼ መልሼዋለሁ። በቁጣ የተሰፋ ልብስ ይሸበሸባል።

ሠርጉ ላይ ወጥ ቤት ስገባ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሽንኩርት ትልጫለሽ። ከሰዓት ስመለስ አሁንም ትልጫለሽ። አሳላፊዎቹን ብጠይቅ፣ «ሽንኩርቱስ ድሮ በቃ፣ ሴትዮዋ ናት ተጨማሪ አምጡልኝ ያለችው» አሉኝ። እዚያ ላይ ቅያሜው ለቀቀኝ።

ምርቃቱን በጋሼ ፈንታ ወርቁ ነው የመረቀው፤ ሰምተሻል። መሃል ላይ ድምፁ ጠፋ። ሰው ሁሉ ልጁን ስለዳረ ነው አለ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ እልል አልሁ፣ ጽዮን እንዳትዞር ብዬ። አልዞረችም።

አሁን መልሱም አልፏል፤ የሽማግሌዎቹ መምጣት አይቀርም። ከዚያ በፊት መጽሐፍ ምረጪልኝ። ሰው የሚሞትበት። አሟሟቱን አይደለም የምፈልገው፤ እሱን ስምንት ዓመት አስነብበሽኛል። የቀሩት ሰዎች በማግሥቱ እንዴት እንደተነሡ፣ ምን እንደበሉ፣ በሳምንቱ ሥራ ሲገቡ መጀመሪያ ምን እንዳነሡ የተጻፈበት እፈልጋለሁ። ቀድሜ ባውቀው ይሻለኛል።

ሌላው፣ ቀኑን ንገሪኝ። አርባው የትኛው ቀን እንደዋለ፣ በዚያ ቀን እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ካሣነሽ

—

ንፋስ መውጫ
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካሣነሽ እህቴ፣

ቀኑን አልጽፍልሽም። እሱ የሽማግሌዎቹ ነው። ከሁለት ወር በላይ ሆናቸው ተሸክመውት ሲዞሩ፤ እኔ በወረቀት ልቀማቸው አይገባም። ከነገሩሽ በኋላ አንድ በአንድ እንቆጥረዋለን።

መጽሐፉን ፈልጌያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ እየቀዳሁ መደርደሪያዬን አንድ ሳይቀር ገለጥሁት። ሰው ሂሳብ ልክፈል ሲለኝ «ቆይ፣ ገና አልሞተም» እያልኩ። ሁሉም አንድ ናቸው። ሰውየው ይሞታል፣ ይለቀሳል፣ ገጹ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ «ከሦስት ዓመት በኋላ» ብሎ ይጀምራል። አንዱ ብቻ «አርባው እንዳለፈ» ይላል፤ እሱም ሚስቲቱን ለሌላ ለመዳር ቸኩሎ ነው። በማግሥቱ ማን እሳት እንዳነደደ፣ ለቀስተኛው ሲሄድ ማን እንደቀረ፣ አንድም ደራሲ አልጻፈም። ይህን ሁሉ ዓመት እያለቀስኩ ሳነብ ይህን አለማየቴ ይገርመኛል። እኔም እንደነሱ የማለቅሰው ገጹ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነበር። ስለዚህ የምልክልሽ መጽሐፍ የለኝም።

የምንመጣው ማክሰኞ ነው። አራት ሽማግሌ፣ ቄሱና እኔ። ሰኞ እዚያው መካነ ኢየሱስ ከወርቁ ዘመዶች ቤት ነው የምናድረው፤ መንገድ ላይ ካየሽን እንዳላየሽ እለፊ። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ወርቁ ይክፈት። ቶሎ አትነሺ፣ ለብሰሽም እንዳትጠብቂ። ንግግሩን የያዙት አዛውንት ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ሳምንት ሙሉ ሲያጠኑት ነው የከረሙት። ከሩቅ ነው የሚጀምሩት፣ ከአዳም። ብታውቂውም አታቋርጫቸው። ስሙን እስኪጠሩ ታገሺያቸው። ስሙ ከተጠራ በኋላ እንደሆንሽው ሁኚ፤ ማንም አይከለክልሽም። እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ። የሚይዝሽ ማን ይሁን ሲባል እኔ ነኝ ብያለሁ።

ሻይ ቤቱን ለእህቴ ለውብነሽ አስረክቤያለሁ። መጽሐፍ ሲያበድሩ ስም መጻፍ አትወድም፤ ስመለስ ግማሹን ላላገኘው እችላለሁ። ይሁን።

ሽማግሌዎቹ ዕሮብ ጠዋት ይመለሳሉ። ጎረቤቱም ሳምንት ቢቀመጥ ነው፤ ወደየሥራው ይሄዳል። እኔ የመመለሻ ቀን አልቆረጥሁም። ከዕሮብ ወዲያ ያለውን ማንም ስላልጻፈው፣ ሁለታችን እንዳመጣጡ እናየዋለን።

ላቀች